ሆድ፣ ክንድና ጭን በአንድ ቀን? ብዙ ክብደት ከቀነሱ በኋላ ኦፕራሲዮኖችን ስለማጣመር

ክብደታችሁን በብዙ ኪሎ የቀነሳችሁ ሰዎች አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትጠይቃላችሁ። የተንጠለጠለው ቆዳ ይነሳልኝ፤ ግን ሆዱም፣ ክንዱም፣ ጭኑም፣ ጡቱም በአንድ ቀን ቢያልቅ ምን አለበት? አንዴ ተኝቼ፣ አንዴ ታምሜ፣ አንዴ ከፍዬ ልገላገል።

ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ለሁሉም አንድ አይደለም። መልሱ ያለው በደም ምርመራችሁ፣ ኦፕራሲዮኑ በሚፈጀው ሰዓትና በደማችሁ የመርጋት ዝንባሌ ላይ ነው። ብዙ ሰው ግን የሚወስነው የእረፍት ፈቃዱን ቀናትና የፓኬጁን ዋጋ አይቶ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ቅንጦት እንዳልሆነ እንግባባ። ስልሳ ሰባ ኪሎ የቀነሰ ሰው ስቡ ይሄዳል፣ ቆዳው ግን ይቀራል። በእጥፋቱ ስር ላብ ይጠራቀማል፣ ያሳክካል፣ ይላጣል፣ አንዳንዴም ይቆስላል። ሲራመዱ ጭንና ጭን ይፋተጋል። ጨጓራችሁን በኦፕራሲዮን አሳንሳችሁም ይሁን ኦዜምፒክ ወይም ሞንጃሮ የሚባሉትን ክብደት የሚቀንሱ መርፌዎች ተወግታችሁ፣ ወይ ደግሞ በምግብና በስፖርት ብቻ ታግላችሁ ቀንሳችሁ፣ ለዓመታት ተለጥጦ የቆየ ቆዳ በክሬም አይሰበሰብም። ስፖርትም ጡንቻን እንጂ ቆዳን አያሳጥርም። መፍትሔው ተቆርጦ መነሳት ነው።

ማጣመር ደግሞ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። አንድ ሰመመን፣ አንድ የማገገሚያ ጊዜ፣ አንድ የሥራ ፈቃድ፣ አንድ የሆስፒታል ወጪ። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች በደንብ በተመረጠ ሰው ላይ በየቀኑ ያጣምራሉ። ጥያቄው ምኑን ከምን ጋር፣ በማን ላይ፣ በስንት ሰዓት የሚለው ነው።

አንድ ትልቅ ጥናት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አሜሪካ ውስጥ ከ2008 እስከ 2013 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተሠሩ 25,478 የሆድ ቆዳ ኦፕራሲዮኖችን፣ ታሚ ተክ የሚባለውን፣ ተከታትሎ በ2015 ወጣ። ሆዳቸውን ብቻ ከተሠሩት ውስጥ ከባድ ችግር የገጠማቸው 3.1 ከመቶ ነበሩ። ጡት ሲጨመርበት 4.3 ሆነ። እንደ ክንድና ጭን ያለ ሌላ የሰውነት ቅርጽ ኦፕራሲዮን ሲጨመር 6.8። በዚያ ላይ ሊፖሰክሽን፣ ማለትም ስብን በቱቦ መምጠጥ፣ ሲደረብ 10.4 ከመቶ ደረሰ። ከባድ ችግር ሲባል ትንሽ መቅላት አይደለም፤ እንደገና ሆስፒታል የሚያስገባ ወይም ኦፕራሲዮን ክፍል የሚመልስ ነገር ነው። ልብ በሉ፣ ሆድና ጡት አንድ ላይ ሲሆኑ ጭማሪው ትንሽ ነው። እንደ ክንድና ጭን ያለው፣ ከዚያም ሊፖሰክሽኑ ሲደረብ ነው ቁጥሩ የሚዘለው። በዚያ ላይ ጥናቱ በአጠቃላይ ለቁንጅና ብለው የተሠሩ ሰዎችን የያዘ ነው። ከከባድ ውፍረት የወረደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ቆዳ ሰፊ ነው፣ የምግብ ክምችቱም የሳሳ ነው።

ለምን ይዘላል? ዋናው ሰዓት ነው። ብዙ ሐኪሞች ከስድስት ሰዓት በላይ ሰው ጠረጴዛ ላይ ማቆየት አይወዱም፤ ከዚያ በኋላ ችግሩ እየበዛ ስለሚሄድ። ተኝታችሁ ሰውነታችሁ ራሱን ማሞቅ አይችልም። ሆዳችሁ፣ ጀርባችሁ፣ ክንዳችሁ ሁሉ ተገልጦ በአንቲሴፕቲክ ታጥቧል። የውስጥ ሙቀታችሁ ከ36 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደም በሚፈለገው ቦታ ቶሎ አይቆምም፣ ቁስልም በቀላሉ ያመረቅዛል። ቆዳው ወገብ ዙሪያውን በሙሉ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ መሀል ላይ ከነሰመመናችሁ ትገለበጣላችሁ፤ በጀርባ የተኛው በሆዱ ይዞራል፣ ቱቦዎቹ ይፈተሻሉ፣ ጨርቁ ይቀየራል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። እያንዳንዱ ስንጥቅ ትንሽ ትንሽ ደም ያፈስሳል፤ ተደምሮ ግን ትንሽ አይደለም። ሁለት ሐኪሞች ጎን ለጎን ሲሠሩ ሰዓቱ በእርግጥ ያጥራል። ስለዚህ "ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስንት ሐኪም ነው የሚሠራው?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃት እንምጣ። የደም መርጋት።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ሰው አይንቀሳቀስም። ሆድ ጥብቅ ተደርጎ ስለሚሰፋ ከእግር ወደ ላይ የሚመለሰው ደም ይዘገያል። ባት ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ከቁንጅና ኦፕራሲዮኖች መካከል በዚህ በኩል በጣም ከሚፈሩት አንዱ የሆድ ቆዳው ነው። ሌላ ኦፕራሲዮን ሲጨመርበት ሰዓቱም አለመንቀሳቀሱም አብሮ ይጨምራል።

ሐኪሞች ይህን አስቀድመው የሚገምቱበት ካፕሪኒ የሚባል የነጥብ መለኪያ አላቸው። ወረቀት ላይ የሚሞላ ቀላል ነገር ነው። እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እንየው። አንዲት የ45 ዓመት ሴት እንውሰድ። ዕድሜዋ ከ41 እስከ 60 መሀል ስለሆነ 1 ነጥብ። ከ45 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ኦፕራሲዮን ነው፣ 2 ነጥብ። ብዙ ኪሎ ቀንሳለች ግን ቁመትና ክብደት ተሰልቶ የሚወጣው ቢ ኤም አይ አሁንም 29 ነው፤ ከ25 በላይ ስለሆነ 1። የወሊድ መከላከያ እንክብል ትወስዳለች፣ 1። እስካሁን 5 ሆነ። ቀጥሎ ሐኪሙ "ከቤተሰብ ደም የረጋበት ሰው አለ?" ብሎ ሲጠይቃት እናቷ ከዓመታት በፊት እግሯ አብጦ የደም ማቅጠኛ እንደወሰደች ትዝ አላት። ይህቺ አንዷ መልስ 3 ነጥብ ናት። እግሯ ላይ ያበጡ የተጠማዘዙ ደም ሥሮች ካሉም 1 ይጨመራል። 9 ደረሰች።

በፕላስቲክ ሰርጀሪ ታካሚዎች ላይ የተሠራ በ2011 የወጣ ጥናት፣ መከላከያ የደም ማቅጠኛ ካልተሰጣቸው ሰዎች ውስጥ 5 ወይም 6 ነጥብ ያላቸው በ60 ቀን ውስጥ 1.3 ከመቶው ደም ረግቶባቸዋል፤ ከ8 በላይ የሆኑት ግን 11.3 ከመቶ። በአንድ የቤተሰብ ታሪክ ይህን ያህል ነው የሚቀየረው። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት እናታችሁን፣ አባታችሁን፣ እህት ወንድሞቻችሁን ጠይቁ። እኛ ቤት "እግሯ አብጦ ነበር"፣ "ድንገት ወድቆ ሞተ" ተብሎ የሚታለፍ ብዙ ነገር አለ። እያንዳንዷን ለሐኪሙ ንገሩት። ፅንስ በተደጋጋሚ ወርዶባችሁ ከሆነም አትደብቁ፤ አንዳንዴ ከደም መርጋት ችግር ጋር ይያያዛል።

መከላከያው የታወቀ ነው። ኦፕራሲዮን ላይ እያላችሁ በአየር እየተነፋ ባታችሁን ጨመቅ ለቀቅ የሚያደርግ መጠቅለያ ይታሰርላችኋል። በዚያው ቀን ምሽት ወይም በማግስቱ ጠዋት ታስነሡና ትራመዳላችሁ። ነጥባችሁ ከፍ ካለ ሆድ ወይም ጭን ላይ የሚወጋ የደም ማቅጠኛ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይታዘዛል። ማቅጠኛው ደግሞ በሌላ በኩል ያደማል፤ ቁስሉ ስር ደም ሊያቋጥር ይችላል። ሰፊ ቁስል ባለበት ሰው ላይ ይህን ሚዛን መጠበቅ ከባድ ነው። ብዙ ኦፕራሲዮን ሲጣመር ሐኪሙ ከሁለቱም ወገን የሚጨነቀው ለዚህ ነው።

መራመድ ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሆድ ቆዳው የተነሳለት ሰው ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም፤ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ሲተኛም ጉልበቱ ስር ትራስ ገብቶ ነው። ከአልጋ ሲነሳ የሆድ ጡንቻውን መጠቀም ስለማይችል በክንዱ ተደግፎ ወደ ጎን ዞሮ ነው የሚነሳው። አሁን ክንዱም ተሠርቷል እንበል። በምን ይደገፍ? ጭኑም ተሠርቶ ከሆነ ሽንት ቤት መቀመጥ ራሱ ፈተና ነው። ሰውየው መንቀሳቀስ ሲያቅተው ይተኛል፤ ሲተኛ ደሙ ይረጋል። ጥምረት ሲመረጥ ጥሩ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው "በማግስቱ ይህ ሰው እንዴት ነው የሚነሳው?" የሚለውን ነው። ቤት ውስጥ ቀን ከሌት አብሮ የሚሆን ሰው አለ ወይ ብሎ ቢጠይቃችሁም የግል ሕይወታችሁ ውስጥ እየገባ አይደለም።

ሌላው የሚያስበው የመወጠር አቅጣጫ ነው። ቆዳ ተቆርጦ ሲሰፋ ወደ አንድ ወገን ይሳባል። የወገብ ዙሪያው ወደ ላይ እየሳበ የጭኑ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ታች ቢስብ ስፌቱ መሀል ላይ ይጨነቃል፣ ይለያያል። ስለዚህ ብዙዎች ሆድና ጡትን፣ ወይም ወገብ ዙሪያንና ክንድን በአንድ ዙር ያደርጉና ጭንና የላይኛውን ጀርባ ለሌላ ጊዜ ያቆዩታል። በሁለቱ ዙር መሀል አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይጠበቃል። "ይህን ለቀጣዩ እንተወው" የሚል ሐኪም ሊያስከፍላችሁ የፈለገ አይምሰላችሁ። ብዙ ጊዜ ጤናችሁን እየጠበቀ ነው።

ሊፖሰክሽን ለብቻው ይነሳ። "እግረ መንገዱን ትንሽ እንምጠጥልሽ" ይባላል። የሚመጠጠው ከ5 ሊትር ካለፈ በክሊኒክ ተሠርቶ በዚያው ቀን ወደ ቤት የሚያስኬድ አይደለም፤ ሆስፒታል ማደር ያስፈልጋል። የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ነገሩን አይታው ነው። በ2004 የግዛቲቱ የሕክምና ቦርድ ሆድና ሊፖሰክሽንን በክሊኒክ ውስጥ አንድ ላይ መሥራትን ለ90 ቀናት አግዶ ነበር። የክሊኒኮቹ ደንብ ሊፖሰክሽን ብቻ ሲሆን እስከ 4 ሊትር ስብ ይፈቅዳል፤ ከሆድ ኦፕራሲዮን ጋር ሲጣመር ግን ከ1 ሊትር አያስበልጥም። የሁሉም ኦፕራሲዮን ጠቅላላ ሰዓትም ከ8 እንዳይበልጥ ይላል። የተመጠጠውን ስብ መቀመጫ ውስጥ መውጋት፣ ቢ ቢ ኤል የሚባለው፣ ከተጨመረ ጉዳዩ ሌላ ነው። ስቡ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ወደ ሳንባ ሄዶ ይገድላል። በ2017 የወጣ የሐኪሞች ጥናት በግምት ከ3,000 ሰው አንድ እንደሚሞት ጠቁሞ ዓለምን አስደንግጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተሻሽሏል፤ ቢሆንም ብዙ ቆዳ በሚነሳበት ቀን ይህን መደረብ አልደግፍም።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያለው ሥራ ግማሹ የእናንተ ነው። ክብደታችሁ ቢያንስ ከሦስት እስከ ስድስት ወር አንድ ቦታ ላይ መርጋት አለበት። ጨጓራውን የተሠራ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይጠብቃል። እየቀነሰ ያለ ሰውነት ሥጋውን እየበላ ነው፤ ቁስል የሚድንበት ፕሮቲን ከየት ይምጣ?

ፕሮቲን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛን ይመለከታል። ጨጓራውን ያሳነሰ ሰው ብዙውን ጊዜ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን እንዲወስድ ይመከራል፤ ለትልቅ ቁስል ደግሞ ከዚያ በላይ ሊታዘዝ ይችላል። በጾም ወቅት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለም። ሽሮና ምስር ጥሩ ፕሮቲን አላቸው፤ ግን በእንጀራ ነው የሚበሉት፣ ትንሿን ጨጓራ ደግሞ እንጀራው ቀድሞ ይሞላታል። ለዚህ ነው በዐቢይ ጾም ማብቂያ ላይ ትልቅ ጥምር ኦፕራሲዮን መያዝ የማልወደው። ቀጠሮውን ከጾሙ አርቁት፤ ካልሆነም ለንስሐ አባታችሁ ነገሩን አስረዷቸው፣ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት። በረመዳን የምትጾሙም ከሐኪማችሁ ጋር ጊዜውን አስተካክሉ። ቁስል ገና ሳይድን ቀኑን ሙሉ ውሃ አለመጠጣት ጥሩ አይደለም።

ብረትም አለ። ባይፓስ የሚባለውን የጨጓራ ኦፕራሲዮን የተሠራ ሰው ምግቡ ብረት በደንብ የሚመጠጥበትን የአንጀት መጀመሪያ ክፍል ዘልሎ ነው የሚያልፈው። የወር አበባ የሚበዛባት ሴት ደግሞ በየወሩ ታጣለች። ስለዚህ ሂሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን ፌሪቲን (የብረት ክምችት)፣ ቢ12፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ዲና አልቡሚን (የደም ፕሮቲን) ይታይላችሁ። ሂሞግሎቢኗ ዝቅ ያለ ሴት አንድ ትንሽ ኦፕራሲዮን ትችል ይሆናል፤ ሦስት አንድ ላይ ግን ደም እንድትወስድ ሊያደርጋት ይችላል። ብረቱን ሁለት ሦስት ወር አስተካክሎ መመለስ ይሻላል።

ሲጋራና ሺሻ ቢያንስ አራት ሳምንት አስቀድሞ ይቁም፣ በኋላም እንዲሁ። ኒኮቲን ቀጫጭን ደም ሥሮችን ያጠባል፣ የተሰፋው ቆዳ ጠርዝ ደም አጥቶ ይጠቁራል። ጫት የምትቅሙም ለሰመመን ሐኪሙ ንገሩ፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር ማወቅ አለበት። በየሳምንቱ ኦዜምፒክ ወይም ሞንጃሮ የምትወጉ ደግሞ የመጨረሻውን መርፌ መቼ እንደወጋችሁ በትክክል ተናገሩ። መድኃኒቱ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋል፤ ጾማችሁን አድራችሁም ምግብ ሊኖር ይችላል፣ ሰመመን ላይ ወደ ሳንባ ከገባ አደጋ ነው። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ከአንድ ሳምንት በፊት ይቁም ብሎ ነበር፤ በ2024 ብዙ ማኅበራት አንድ ላይ ሆነው ደግሞ እንደ ሰውየው ሁኔታ ይታይ፣ አብዛኛው ሰው ሊቀጥል ይችላል አሉ። ራሳችሁ አትወስኑ።

ጠባሳውንም አስቡት። የእኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው ላይ ኬሎይድ፣ ያ የሚያብጥና የሚያሳክክ ጠባሳ፣ ከነጭ ቆዳ ይልቅ ይበዛል። ጆሯችሁን ተበስታችሁ ወይም ክትባት ተወግታችሁ አብጦ የቀረ ካለ፣ መጀመሪያ አንድ ቦታ ብቻ ተሠርቶ ጠባሳው እንዴት እንደሚድን ማየት ብልህነት ነው። ክንድና ሆድ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከተቆረጡ በኋላ ማወቅ ጊዜው ያለፈ ነው።

አሁን ስለ ጉዞ። ለሕክምና ወደ ቱርክ፣ ሕንድ ወይም ታይላንድ መሄድ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም። ጎበዝ ሐኪሞች እዚያ አሉ። ችግሩ ፓኬጁ ነው፦ ሆቴል፣ ትራንስፖርት፣ አራት ኦፕራሲዮን፣ አሥር ቀን። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2009 እስከ 2022 ባለው ጊዜ 93 የአሜሪካ ዜጎች ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ የቁንጅና ኦፕራሲዮን ተሠርተው እንደሞቱ ዘግቧል። አስከሬናቸው ከተመረመረው ውስጥ ዋናዎቹ ምክንያቶች የስብ ወይም የደም መርጋት ወደ ሳንባ መሄድ ነበሩ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ኦፕራሲዮን መሠራትም ከአጋላጮቹ አንዱ ሆኖ ተነሥቷል። በመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሙ እናንተን ሳያይ፣ በፎቶና በዋትሳፕ ብቻ ስንት ኦፕራሲዮን እንደሚሠራላችሁ ከተወሰነ፣ የተወሰነው በእናንተ ጤና ላይ ተመሥርቶ አይደለም።

በረራው ራሱ ተቀምጦ መቆየት ነው። ከኢስታንቡል አዲስ አበባ ከአምስት ሰዓት በላይ ነው፣ ከዋሽንግተን ደግሞ ከአሥር በላይ። ከሆድ ኦፕራሲዮን በኋላ ቢያንስ አሥር ቀን ይጠበቃል፤ ጥምር ከሆነ ሐኪሙ ከዚያ በላይ ሊያቆያችሁ ይችላል። ስትመለሱ ምን እንደተሠራ፣ ምን መድኃኒት እንደተሰጣችሁ፣ ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ መቼ እንደሚነሳ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት በእጃችሁ ይሁን። አዲስ አበባ ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ የሚያያችሁ ሐኪም ሌላ ሰው የሠራውን በግምት እንዲያክም አታስገድዱት።

ቤት ከገባችሁ በኋላ አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ስትተነፍሱ ደረታችሁን ከወጋችሁ፣ ደም ካሳላችሁ ወይም ራሳችሁን ከሳታችሁ ለነገ አትበሉ። ድንገተኛ ክፍል ሂዱና ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት "በቅርቡ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ" የሚለውን ይሁን። ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ የጠቆረ የስፌት ጠርዝ ወይም ቱቦው ከወጣ በኋላ ከሆድ ቆዳ ስር እንደ ውሃ የሚንቀሳቀስ እብጠት ካለ በዚያው ቀን ለሐኪማችሁ ደውሉ። ደም የሚረጋው አብዛኛውን ጊዜ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ስለሆነ፣ ደህና ነኝ ብላችሁ የታዘዘላችሁን የማቅጠኛ መርፌ ከቀኑ በፊት አታቁሙ።

ሁለተኛውን ዙር ስትይዙ ደግሞ የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ይዛችሁ አትሂዱ። የፊተኛው ኦፕራሲዮን ደማችሁን፣ ብረታችሁንና ፕሮቲናችሁን ወስዷል፣ ስለዚህ ምርመራው ሁሉ እንደ አዲስ ይሠራ፣ የካፕሪኒው ነጥብም እንደ አዲስ ይቆጠር።